አንድ መጽሐፍ፣ ብዙ ጆሮ፦ የጋራ ንባብና የመጽሐፍ ምርጫ በወገዳ አካባቢ

ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የተጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በደራሲውና በድርሰቱ ላይ ነው። አንባቢው ሲነሣም መጽሐፍ ገዝቶ ብቻውን የሚያነብ ሰው ተደርጎ ይታሰባል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ወገዳንና በዙሪያዋ ያለውን የስማዳ፣ የጋይንትና የእስቴ አገር መነሻ በማድረግ፣ በጋራ ሲነበብ የሚነበበውን ማን ይመርጥ እንደነበረ ማሳየት ነው።

ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነባር ማዕከል ነው። ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት የታወቁ የምስክር ጉባኤ ቤቶች ናቸው። በዚህ ሥርዓት ተማሪው የሚያነበውን አይመርጥም፤ ከፊደል ወደ ንባብ፣ ከንባብ ወደ ዳዊት የሚወስደው መንገድ አስቀድሞ የተቀየሰ ነው። ለምእመኑ ደግሞ የሚመርጥለት ዕለቱ ነው። ስንክሳር በዓመቱ ዕለታት ተከፋፍሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ተአምረ ማርያምም በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) በእመቤታችን በዓላት እንዲነበብ ተደንግጓል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፤ አንድ ብራና ለመላው ደብር ይበቃል።

ይሁን እንጂ ንባቡ የተወሰነ ነው ማለት ፍቺውም ጠባብ ነው ማለት አይደለም። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ ፍቺ ሲጨምር ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም።

ምርጫ ራሱን የቻለ ጥያቄ የሆነው ዓለማዊው የአማርኛ ድርሰት በኅትመት ከተስፋፋ በኋላ ነው። ልብ ወለድ የሚነበብበት የታወቀ ዕለት የለውም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር አዲስ አንባቢ አፈራ፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ግን መጽሐፍ አገኘ ማለት አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርክ፣ አንድ መጽሐፍ እንደገና ለብዙ ጆሮ ደረሰ። መራጩ ሬዲዮው ቢሆንም ምርጫው ለስማዳ ሰው ባዕድ አልነበረም። የታሪኩ ማንኩሳና ዲማ ከዓባይ ማዶ ያሉ የጎጃም አገሮች ናቸው፤ የበዛብህ የቆሎ ትምህርት ቤት ሕይወትም ጋይንት አሳምሮ የሚያውቀው ነው። የጉዱ ካሳ ጥያቄዎች ግን አድማጩን ከለመደው ሐሳብ አውጥተው ያከራክሩታል።

ከዚህ ታሪክ ዛሬ በወገዳ መምህራንና ተማሪዎች የንባብ ክበብ ቢያቋቁሙ የሚጠቅማቸው ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ አንድ ቅጂ ብቻ መኖሩ እንቅፋት አይሆንም፤ ድምፁ የሚሰማ አንባቢ ካለ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሚመረጠው መጽሐፍ በአንድ እግሩ በሚታወቅ አገር የቆመ፣ በሌላው ወደማይታወቅ የሚራመድ ቢሆን ይመረጣል፤ መራጩም በየተራ ቢለዋወጥ ክበቡ የአንድ ሰው አይሆንም። ሦስተኛ፣ ውይይቱ እንደ አንድምታው የሌላውን ፍቺ ሳይሽር የራሱን ይጨምር።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ባለሙያዎችም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። አንባቢን በተሸጠ ቅጂ ብቻ ከቆጠርን፣ መጽሐፍ ሳይገዛ ድርሰቱን አድምጦ የተከራከረውን የገጠር ሰው ከሥነ ጽሑፋችን ታሪክ እናስወጣዋለን።