የምክርና የሥነ ልቦና ሕክምና አገልግሎት ሂደት ምን ይመስላል?

«የምክር አገልግሎት» የሚለው መጠሪያ በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው በፈቃደኝነት ላይ ከተመሠረተው የኤች አይ ቪ የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት ጋር ተያይዞ ነው። ያ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ የሚጠናቀቅ በመሆኑ፣ በጭንቀት፣ በድባቴ ወይም በከባድ ሐዘን ምክንያት ወደ ባለሙያ የሚሄድ ሰውም መፍትሔ ተነግሮት በዚያው ቀን የሚመለስ ሊመስለው ይችላል። የሥነ ልቦና ሕክምና ግን ሳምንታትን የሚጠይቅና ያለ ተገልጋዩ ተሳትፎ ውጤት የማያስገኝ ሂደት ነው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በአመዛኙ ለመረጃ ማሰባሰቢያ ይውላል። ባለሙያው የችግሩን አጀማመር፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ሁኔታን፣ የጤናና የቤተሰብ ታሪክን፣ የመጠጥና የጫት ልማድን እንዲሁም ራስን የመጉዳት ሐሳብ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። ከዚያም ከተገልጋዩ ጋር ተመካክሮ የሕክምናውን ግብ ይነድፋል።

በዚሁ ዕለት ስለ ምስጢር አጠባበቅ ማብራሪያ ይሰጣል። ባለሙያው የተነገረውን በምስጢር የመያዝ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ በተገልጋዩ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያንዣብብ ግን ሁኔታው ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ያሳውቃል። ሠራተኛውን ወደ ባለሙያ የላከ የሥራ ኃላፊም በምክክሩ ወቅት የተነገረውን ለማወቅ መጠየቅ አይገባውም። ምስጢር እንደማይጠበቅ የጠረጠረ ሠራተኛ ችግሩን መደበቅ ይመርጣልና።

የክፍለ ጊዜው ብዛት እንደ ችግሩና እንደ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል። ለአብነት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው በችግር አያያዝ ላይ ያተኮረ መርሐ ግብር በሳምንት አንድ ጊዜ የሚካሄዱ 5 ክፍለ ጊዜያት ሲኖሩት፣ በግል ሲሰጥ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ተገልጋዩ በዝግታ መተንፈስን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተዋቸውን ተግባራት ዳግም መጀመርንና የወዳጅ ዘመድ ድጋፍን ማጠናከርን ይለማመዳል።

በቀጠሮዎች መካከል የቤት ሥራ መሰጠቱ የተለመደ ነው። አሳማሚ ጉዳዮች በሚነሱባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ስሜት ሊረበሽ ይችላል፤ ይህም ሕክምናው አለመሳካቱን ብቻውን አያሳይም። ለውጥ ከዘገየ ከማቋረጥ ይልቅ ጉዳዩን ለባለሙያው በግልጽ መናገር ይመረጣል።

ሕመሙ ሲበረታ ባለሙያው ተገልጋዩን ወደ አእምሮ ሐኪም ይልካል። የታዘዘ መድኃኒትም ያለ ሐኪም ምክር መቋረጥ የለበትም። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ሲያጋጥም ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ፣ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል።