«ተቃጠለ» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ታሪክ



ቋንቋችን ለእሳት ሥራ ብዙ ግሦች አሉት፤ እሳት ይለበልባል፣ ይጠብሳል፣ ያሳርራል፣ ያከስላል። የደን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ያህል ሄክታር ተቃጠለ» ብለን እናልፋለን። ዛሬ የማነሣው ይህ አንድ ግሥ እኔንም ጭምር ያሳተበትን ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ 321 ሺህ ሄክታር ያህል፣ ማለትም ከፓርኩ 36 በመቶ ገደማ፣ በሰደድ እሳት ተቃጠለ። ፓርኩ ከ1972 ጀምሮ በመብረቅ የተነሣ እሳት ሰውንና ንብረትን እስካላሰጋ ድረስ በራሱ እንዲጠፋ ይተወው ስለነበር ሕዝቡ ተቆጣ፤ ኃላፊዎቹ ይነሡ የሚል ድምፅም ተሰማ። የእሳቱን ኃይል የሰበረው በሴፕቴምበር 11፣ በእኛ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ የወረደው በረዶ ነበር።

ጭሱ ሲገፈፍ የታየው ግን አንድ ወጥ ጥቁር ምድር አልነበረም። በአንዱ ስፍራ እሳቱ በዛፎቹ አናት እየዘለለ ሁሉን ገድሏል፤ በሌላው ደረቁን ቅጠል ልሶ ዛፎቹን ትቷል፤ በመካከሉ ፈጽሞ ያልተነካ አረንጓዴ ቀርቷል። ከደኑ የሚበዛውን ቦታ የያዘው ሎጅፖል የተባለው የፓይን ዝርያ ነው፤ ብዙዎቹ ዛፎች ፍሬያቸውን በሙጫ አሽገው ይይዛሉ፤ ሙጫው በእሳት ሲቀልጥ ዘሩ ይረግፋል። በተከታዩ ዓመት ችግኙ በአመዱ ላይ በቀለ።

እኔ ለብዙ ዓመታት «የ1988ቱ ቃጠሎ እሳትን ሁሉ የማጥፋት የቀድሞ ፖሊሲ ውጤት ነው» ብዬ አስተምር ነበር። ይህ ፍርድ የሚሠራው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ለሚገኙት የፖንደሮሳ ፓይን ደኖች ነው። በዚያ ቀላል እሳት በየጥቂት ዓመቱ ምድር ለምድር ይመላለስ እንደነበር በዛፎቹ የዕድሜ ቀለበት ላይ የቀረው ጠባሳ ይመሰክራል፤ እሳቱ ሲከለከል ደረቅ እንጨት ተከማችቶ ቃጠሎው ከበደ። በየሎውስቶን ከፍተኛ ቦታዎች ግን ከባድ እሳት የሚመላለሰው ከመቶ እስከ ሦስት መቶ ዓመታት እየቆየ ነው፤ በ1700ዎቹ መጀመሪያም ሰፊ ቃጠሎ እንደነበረ የደኑ ዕድሜ ያሳያል። በዚህ የጊዜ ሚዛን የጥቂት ዐሥርት ዓመታት ክልከላ ዋና ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ዋናዎቹ የዚያ ዓመት ድርቅና ነፋስ ነበሩ።

ስሕተቴ የአንዱን ደን ታሪክ ለሌላው ማዋሴ ነበር። ጉዳዩ የመምህራን ክርክር ብቻ አይደለም፤ ተሳስቶ የተጻፈ ታሪክ መነካት የሌለበት ደን እንዲመነጠር፣ መረዳት የሚገባውም እንዲረሳ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ፣ ተማሪዎቼ፣ «ምን ያህል ተቃጠለ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት ተቃጠለ?» ብላችሁ ጠይቁ።