በቍጥር የታዘዙ ሌቦች

ኢስቶኒያ በባልቲክ ባሕር ዳር የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። በ1991 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከሶቪየት ኅብረት ነጻ ወጣች፤ ዳሩ ግን አሥር ዓመት ሳይሞላ ሕዝቧ በነባሮቹ ፓርቲዎች ተሰላቸ።

በዚህ ጊዜ ሬስ ፑብሊካ ተነሣ። ስሙ የላቲን ሲሆን «የሕዝብ ነገር» ማለት ነው። በ1989 የወጣቶች ክበብ ሆኖ ተጀመረ፤ በ2001 ዲሴምበር ፓርቲ ሆነ። ሊቀ መንበሩ ሚስተር ዩሐን ፓርትስ ቀድሞ የመንግሥት ዋና ኦዲተር ስለ ነበሩ፥ ጉቦን እናጠፋለን ሲሉ ሰው አመናቸው። በ2003 ምርጫ ከ101 የምክር ቤት ወንበሮች 28ቱን አገኙ፤ እርሳቸውም በ36 ዓመታቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ውድቀቱም ከዚያው ከጉቦ ጉዳይ መጣ። በ2005 የፍርድ ሚኒስትሩ ሚስተር ኬን ማርቲ ቫሄር ባወጡት ዕቅድ፥ በየአውራጃው በዓመት ስንት የመንግሥት ሠራተኛ በሙስና እንዲከሰስ በቍጥር ተወሰነ። ሚኒስትሩ ክፉ አሳብ ነበራቸው ለማለት አልደፍርም። በጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም ዝም ስለሚሉ፥ ፖሊስ ካልፈለገው ክስ ራሱ አይመጣም።

ነገር ግን እኛ ተማሪዎች ነገሩን በክፍላችን እንመልከተው። ዲሬክተራችን «በየወሩ ከየክፍሉ አምስት ኰራጅ ይምጣልኝ» ብለው ቢያዙ፥ መምህሩም አራት ብቻ ቢያገኙ፥ አምስተኛው ማን ይሆናል? የጫማዬን ክር ለማሰር ያጐነበስሁት እኔ ልሆን እችላለሁ!

ኢስቶኒያውያን ደግሞ ይህን የሚያውቁት በምሳሌ አይደለም። በ1937 የስታሊን ፖሊስ በየክፍለ አገሩ የሚታሰረውንና የሚገደለውን ሰው አስቀድሞ በቍጥር ይመድብ ነበር። በ1949 ማርች ደግሞ ከሃያ ሺህ የሚበልጡ ኢስቶኒያውያን፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ በባቡር ተጭነው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። በዚህች አገር በየአውራጃው የሰው ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት ምን እንደሚያስታውስ ሚኒስትሩ እንዴት እንደ ዘነጉት ይገርመኛል።

ማርች 21 ቀን 2005 ምክር ቤቱ በሚኒስትሩ ላይ እምነት እንደሌለው በድምፅ አስታወቀ። በሦስተኛው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ፓርቲው ከአንድ ዓመት በፊትም ለአውሮፓ ፓርላማ ተወዳድሮ አንድ ወንበር እንኳ አላገኘም ነበር። በ2006 ሬስ ፑብሊካ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተዋሐደ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበሩ ፕሮፌሰር ሬይን ታጌፔራ በዚያው ዓመት ስለ ፓርቲው ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አካሄዱን በተወርዋሪ ኮከብ መሰሉት። ሚስተር ፓርትስ ግን ከ2007 እስከ 2014 በሌላ ሰው መንግሥት የኢኮኖሚ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ።