ዜና ፋቡላ፤ አውሬዎች በመኳንንት ፊት እንደ ተናገሩ

ይህን ዜና በወረባቦ ምድር፣ በቢስቲማ ተቀምጬ የጻፍሁት፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ፣ የወሎ ገዥ የነበሩት ልዑል አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ያነቡት ዘንድ፣ ለቴአትር ጥበብም የአባታቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤት ያደረገው ውለታ ሳይጻፍ እንዳይቀር ብዬ ነው።

በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ጦርነት ተደርጎ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆነ። ከዚያም ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘውድ ጭነው፣ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው መንግሥት በጸናበት ዘመን፣ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜድያ የተባለውን ድርሰት አዘጋጅተው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንት ፊት አሳዩ። እኒህ ሰው በሐረር በራስ ተፈሪ አባት በልዑል ራስ መኰንን ጥላ ሥር ያደጉ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ገና በብላቴንነታቸው ወደ መስኮብ አገር ተሻግረው የመድፈኛ መኰንንነትን የተማሩ ናቸውና፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቴአትር ድርሰት ከመኰንን ቤት ሰው መገኘቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ጨዋታውም የተመሠረተው የፈረንሳይ ባለቅኔ ላ ፎንቴን አውሬዎችን እያናገረ በጻፋቸው ምሳሌዎች ላይ ሲሆን፣ የዳኝነትን መጓደል፣ የሹማምንትን መማለጃ፣ የሥራንም መበላሸት በእንስሳት አንደበት የሚገሥጽ ነበር። በእኛም አገር ሃሚና ገና ሳይነጋ በባለጠጋ ደጅ ቆሞ ሲያዜም፣ የሰጠውን ያወድሳል፣ የነፈገውንም ከዚያው ዜማ ሳይወጣ ይሸነቁጠዋል፤ ባለቤቱም በአልጋው ላይ ሆኖ ይሰማዋል እንጂ ወጥቶ አይሟገተውም፤ ቢሟገት ነፋጊው እኔ ነኝ ማለቱ ነውና። በቴራስ ሆቴል ግን ተሰዳቢው በአልጋው ላይ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር በወንበር ላይ ነበር፤ በመድረክ ያለው አውሬ በተናገረ ቁጥር ጎረቤት ጎረቤቱን ማየቱ የማይቀር ነው። ንጹሕ የሆነ ሰው በአውሬ ነገር የሚቆጣበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

ከዚያ በኋላ በንግሥቲቱ ፈቃድ ጨዋታው ተከልክሎ ዐረፈ።

በእንግሊዝ አገር ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1558 እስከ 1603 በነገሠችው በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ ጄምስ በርቤጅ የሚባል ሰው በ1576 ከሎንዶን ቅጥር ውጭ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ቤት ሠራ፤ በ1599ም የሼክስፒር ባልንጀሮች ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ግሎብን አቆሙ። መካከሉ ጣራ የሌለው ስለሆነ ኮሜድያው በቀትር ብርሃን ይታይ ነበር፤ ድሀው አንድ ፔኒ ከፍሎ በመሬት ላይ ይቆማል፣ ባለገንዘቡ በዙሪያው ባለው ሰገነት ይቀመጣል፤ ሴት በመድረክ አትቆምምና የሴቶቹን ድርሻ ድምፃቸው ያልጎረነነ ብላቴኖች ይጫወቱታል። የከተማው ሹማምንትና ሃይማኖት እናጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ጨዋታውን ሊያስጠፉ ቢደክሙም፣ ተጫዋቾቹ በመኳንንት ስም ተጠግተው፣ ንግሥቲቱም በቤተ መንግሥቷ እየጠራች ስለምታያቸው አልተቻሏቸውም። ይሁን እንጂ ድርሰቱ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት የቤተ መንግሥቱ የጨዋታ ሹም ያነበው ነበር፤ የሚያስቈጣውም ቃል ከመድረክ ሳይደርስ በብርዕ ይሠረዝ ነበር። ይህ ሥርዓት የደራሲን ልብ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ጨዋታውን በሙሉ ከመዝጋት ይሻላል።

በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ልዑል ራስ ተፈሪ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ በጫኑ ጊዜ፣ ታስሮ የነበረው ጥበብ ተፈታ፤ ስለዚህም የብርሃን አባት እግዚአብሔር ይመስገን። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች፣ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የመጣው ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤና እንደዚሁም መምህር መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ጨዋታ ያሳዩ ጀመር፤ የዮፍታሔም ድርሰት በቅኔ የታሸ ስለሆነ፣ ተመልካች ለመሳቅ አስቀድሞ ሰሙን ከወርቁ መለየት ያስፈልገው ነበር። በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ 11 ቀን፣ የኢጣልያ ጠላት ወሬ በጸናበት ክረምት፣ በአቶ መኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ የማኅበሩም መድረክ ሕዝቡን ለአርበኝነት የሚያነሣሣ ሆነ። በዚያ መጀመሪያ ዘመን የሴቶቹን ድርሻ ወንዶች መጫወታቸው፣ ሳንመካከር ከሎንዶኖቹ ጋር ያስተካክለናል።

የፋቡላ ደራሲ በ1923 ዓ.ም. ሐምሌ 9 ቀን የቆመውን ሕገ መንግሥት አርቅቀው፣ በጄኔቭም በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተሟግተው ስማቸው የታወቀ ሲሆን፣ ከጠላት ወረራ ወዲህ ብዙ ዘመን በባሕር ማዶ ኖሩ፤ የዚህን ምክንያት መዘርዘር የእኔ ፈንታ አይደለም።

በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ፣ በግርማዊነታቸው ስም የተጠራው ታላቁ የቴአትር አዳራሽ ተከፈተ። የመክፈቻው ጨዋታ ኮሜድያ አልነበረም፤ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ድርሰት ዳዊትና ኦርዮን ነበር እንጂ። ታሪኩ ከመጽሐፈ ሳሙኤል የወጣ፣ ንጉሥ ዳዊት በወታደሩ ሚስት ምክንያት የሠራውን ኃጢአት የሚያስታውስ ነው፤ ደራሲው ራስ ቢትወደድ ስለሆኑ ነገሩ በደኅና አለፈ።