የጎመን ምንቸት ለምን ወጣ?

ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ በሸዋ ቤቶች የጎመኑ ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎው ምንቸት እንዲገባ የሚታዘዝበት የቆየ ልማድ አለ። ልጆች ሳለን እኛም ችቦ ይዘን በደስታ እንቀበለው ነበር። ጎመን ምን በድሎ እንደሚባረር ግን የጠየቀ ልጅ አላስታውስም።

መልሱ ያለው በወራቱ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ውርጭ የሚፈራባት የገብስና የባቄላ አገር ናት። በሐምሌና በነሐሴ የአምናው እህል ከጎተራ ሲሟጠጥ፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ነው። በእነዚያ ጨለማ ሳምንታት ቤተሰቡን ደግፎ የሚያሻግረው በአመድና በፍግ የዳበረው የጓሮ ጎመን ነበር። የሐበሻ ጎመን መገኛው የራሳችን ደጋ እንደሆነ ብዙ የዕፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ የቤት ልጅ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ባለውለታው ጎመን የችጋር ምስክር ሆኖ ቀረ። ሰው ደግሞ የችጋሩን ምስክር በበዓሉ ቀን በገበታው ላይ ማየት አይወድም።

በአንጻሩ የክብር ምግብ የነበረው ምን ነበር? ወደ አንኮበር እንውጣ። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግብር ያበሉ የነበረው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት የመጡት የእንግሊዝ መልእክተኞች ከተደነቁባቸው ነገሮች አንዱ ጥሬ ሥጋው ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ገበያ የወረደ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደጋ ቆላ ይገባል፤ ብዙ ዓይነት ተክል ሊያበቅል የሚችል ምድር ከቤተ መንግሥቱ እግር ሥር ተዘርግቶ ነበር። ይሁን እንጂ በግብር አዳራሽ የሰው ክብር የሚለካው በደረሰው ብልት ነው። ለመኳንንቱም ለጭፍራውም እንደየማዕረጉ የሥጋ ድርሻ ነበረው፤ ለቅጠል ግን የተመደበ ማዕረግ አልነበረም።

ጎመንን ከዚህ ውርደት ያወጣው ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን በዓመት ከ180 በሚበልጡ ቀናት ሥጋና ቅቤ ስትከለክል፣ የሸዋ ባልትና እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጦ፣ ዝንጅብሉን ጨምሮ፣ ቃሪያውን ሰንጎ፣ ስልጆውን አቡክቶ፣ ተልባውንና ሱፉን አዘጋጅቶ፣ የጾሙን ገበታ ከፍስኩ ጋር የሚወዳደር አደረገው። እናቶቻችን «አትክልት ለጤና ይበጃል» ብለው አልሰበኩንም፤ አጣፍጠው አቀረቡልን እንጂ። ከስብከቱ የሚበልጠውም ይህ ነው።

የድንች ታሪክም ይኸንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ወደ አገራችን እንዳስገባው ይነገራል፤ እየተለመደ የሄደውም እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ከነበረው ክፉ ቀን ወዲህ ነው። እርሱም በረኃብ በር ገባ፤ ዛሬ ግን በደጋው ሸዋ «የችግር ምግብ» ብሎ የሚያፍርበት የለም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ የጎረቤታችን የጉራጌ ገበታ ነው። እኛ በመስከረም የምናባርረው ጎመን፣ በዚያው በመስቀል ሰሞን በጉራጌ ቤት ደቅቆ ተከትፎ፣ በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ከአይብ ጋር በክትፎው ጎን በክብር ይቀመጣል። ቅጠሉ አንድ ነው፤ በዓሉም አንድ ነው። ልዩነቱ የእጅና የአቀማመጥ ነው። እንግዲህ ጎመንን ያስጠላን ጣዕሙ ሳይሆን ትዝታው እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያሻል?

ነገሩ የጥንት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ግን ከመቶ አዋቂዎች ከ97 የሚበልጡት ከሚመከረው በታች እንደሚመገቡ አሳይቷል። የዋጋና የአቅርቦት ችግር እንዳለበት አይካድም። ሆኖም ገንዘብ ያለውም ቤት ለእንግዳው ጎመን ለማቅረብ ያፍራል፤ ልጁም ያንን እፍረት ሳያውቀው ይወርሳል።

አበው «ጎመን በጤና» ይላሉ። ተረቱ ምስጋና ይመስላል፤ ልብ ላለው ግን በውስጡ ንቀት አለ፤ ጎመን የጥቂት ነገር፣ የድህነት ምሳሌ ሆኖ ነው የተጠራው። እኛ ግን ዛሬ ቃሉን እንደ ወረደ ብንወስደው ምን ይለናል? ጎመንም ይኑር፤ ጤናም ይኑር።

በመጪው መስከረም የገንፎው ምንቸት ሲገባ፣ የጎመኑም ከጎኑ ይቀመጥ። በክረምቱ ያላፈረብንን በበዓሉ ቀን አንፈርበት። ቤቱ ለሁለቱም ይበቃል።