ከዳባት እስከ ራስ ደጀን፤ የጭነት፣ የስንቅና የሰፈር ታሪክ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪደርስ ድረስ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ለሚያህል መንገድ፣ የሚረግጠው የወገራን ሰፊ ደጋ ነው። ይህ ምድር ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፣ የጎንደርን ከተማ ሲመግብ የኖረ አገር ነው። ደባርቅን አለፍ እንዳሉ ግን መሬቱ በድንገት ይቆረጣል። በአንድ ወገን የሊማሊሞ ገደል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ያደርሳል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የሰሜን ተራራዎች እስከ ራስ ደጀን ድረስ እየተደራረቡ ይወጣሉ። ከዚህ የተነሣ ዳባትና ደባርቅ መንገደኛ ጭነቱን የሚፈታባቸው፣ የማያስፈልገውን የሚያስቀርባቸው፣ የጎደለውን የሚሸምትባቸውና እንደገና የሚጭንባቸው ቦታዎች ሆነው ኖረዋል።

በዘመናችን ስለ ረጅም የተራራ ጉዞ የሚጻፉት የመንገድ መጻሕፍት አብዛኞቹ ነገራቸውን የሚጀምሩት ከተጓዡ ነው፤ ስለ ጫማው፣ ስለ መኝታ ከረጢቱ፣ በጀርባው ስለሚሸከመው ቦርሳ። ይህ ተጓዥ ሁሉን ነገር ራሱ በሚሸከምበት አገር ተገቢ አጀማመር ነው። በሰሜን ምድር ግን ሸክሙ የበቅሎ ስለሆነ የጉዞው ዕቅድም ከበቅሎው ይጀምራል። ይህ ሥርዓት ለጎብኝ ሲባል ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ከጎንደር ነጋዴዎች ቅፍለት በቀጥታ የተወረሰ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አፄ ፋሲል በ1600ዎቹ ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ ከምጽዋ ወደብ በትግራይ በኩል የሚመጣው የንግድ መንገድ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በወገራ በኩል ወደ ከተማይቱ ይገባ ነበር። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ቅፍለት በነጋድራሱ ትእዛዝ የሚመራ ትልቅ ማኅበር ነበር። ሰው ለብቻው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም፤ ሽፍታም ኬላም አለበት። ሊማሊሞ ራሱ የቀረጥ ኬላ የቆመበት በር ስለነበረ፣ በዚያ የሚባክነውን ቀን አስቀድሞ ያልቆጠረ ነጋዴ ስንቁ በመንገድ ያልቅበት ነበር።

የጉዞው ወራት የተወሰነ ነው። በክረምት ተከዜ ስለሚሞላ፣ የሊማሊሞም ጭቃ ከብቱን ስለሚጥል፣ ቅፍለቱ የሚነሣው መስቀል ካለፈ በኋላ ወንዙ ሲጎድል ነው። መስቀል እንዳለፈ ወዲያው መውረድም ቢሆን አደጋ ነበረው፤ የቆላው ንዳድ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ ነውና። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ቆላውን በተቻለ ፍጥነት አቋርጦ ሌሊቱን ከፍ ካለ ቦታ ላይ ለማሳለፍ ይጣጣር ነበር። ስንቁም በዚሁ ልክ የተዘጋጀ ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ዳቦ ቆሎ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ድርቆሽና ቋንጣ ክብደታቸው ቀላል ነው፤ ሽሮና በርበሬ ከውኃ በቀር ሌላ አይሹም። የዛሬ ተራራ ወጪዎች ውኃው ተመጥጦ የወጣለት ምግብ በውድ ዋጋ ገዝተው ሲመጡ ሳይ፣ የእናቶቻችን ድርቆሽ ያው ዘዴ መሆኑን ልብ የሚለው ሰው ማነሱ ይገርመኛል።

ከስንቁ ይልቅ የሚያስቸግረው የከብቱ ነገር ነው። ቅፍለት ሌሊቱ ሳይነጋ ተጭኖ፣ ማለዳውን ገስግሶ፣ ፀሐይ ስትበረታ ይሰፍር ነበር። አያሌ የውጭ አገር መንገደኞች ይህን የቀን ጉዞ ማጠር እንደ ስንፍና ቈጥረው ጽፈዋል። ነገር ግን በቅሎና አህያ የሚበሉት የሰፈሩበትን ሣር እንጂ የተሸከሙትን አልነበረምና፣ ለመጋጥ ብርሃን ያለው ግማሽ ቀን ያስፈልጋቸዋል። ያን ግማሽ ቀን የነፈጋቸው ሰው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ጭነቱን የሚያነሣለት አያገኝም። የመጫኛው አስተሳሰርም እንዲሁ ነው። የግራና የቀኙ ሸክም እኩል ካልሆነ ጀርባው ይላጣል፤ ገጣባ የያዘ በቅሎ ደግሞ ለሳምንታት ከሥራ ውጭ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከምጽዋ አጠገብ ተነሥቶ፣ በዚሁ መንገድ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በየካቲት ጎንደር ገብቷል። ሦስት ወር ያህል የፈጀበት አንደኛው ምክንያት ጭነቱ ነበር። ከዋክብትን የሚለካበት ትልቅ መሣሪያ ይዞ ስለነበር፣ ገና በባሕሩ በኩል ያለውን የታራንታን ዳገት ሲወጣ ተሸካሚዎች አቃታቸውና እርሱ ራሱ ከአንድ ባልደረባው ጋር ተሸክሞታል። መሣሪያው ለሳይንስ የጠቀመ መሆኑን ማንም አይክድም። ለጉዞ አዋቂ ግን ነገሩ ሌላም ትምህርት አለው፤ በሁለት ወገን ተከፍሎ የማይጫን ዕቃ በዚህ አገር ዳገት የሰው ሸክም ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ተራራውን በስተ ጐን ትቶ ስለሚያልፈው መንገድ ነው። ወደ ተራራው ውስጥ የሚገባው መንገድ የጃን አሞራና የበየዳ ሰዎች ወደ ገበያ የሚመላለሱበት፣ የመኳንንቱም ጦር የሚተምበት ነበር። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1820ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰሜን ገብቶ፣ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ አስተዋውቋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ዕፅዋት ሰብሳቢው ሺምፐር ዕድሜውን በኢትዮጵያ የፈጸመ ሲሆን፣ ለደጃዝማች ውቤ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ስሙ ይነሣል። ውቤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ደረስጌ ላይ ድል ሆኑ፤ ቴዎድሮስም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነገሡ። ያን ያህል ጦር በዚያ ብርድና ከፍታ የዋለ ያደረው በተራራው ገበሬ ገብስ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ውጊያውን ሲተርኩ ገብሱን አያነሡም።

የጥንቱን ሥርዓት ለሁለት የከፈለው የኢጣሊያ ወረራ ነው። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ የሊማሊሞን ገደል እየሰነጠቀ ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ ሠራ፤ በገደሉ አፍ ባለው በወልቀፊት የመሸገውም ጦሩ እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. መስከረም ነው። ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በመኪና የቀናት፣ በኋላም የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። ቅፍለቱ ቀረ፤ ነጋድራስም የማዕረግ ስም ብቻ ሆነ። የደባርቅ በቅሎ ግን አልቀረም። መኪና ወደማይደርስበት ወደ ተራራው ፊቱን አዞረ፤ እውቀቱም አብሮት ዞረ።

የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲቋቋም፣ በፊተኞቹ ዓመታት በኃላፊነት የሠራው ክላይቭ ኒኮል ሰፈሩን ያደረገው በሳንካበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በጦርነት ምክንያት ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እንደገና ሲከፈት፣ ተጓዡ የሚያልፍባቸው ሰፈሮች ሳንካበር፣ ግጭና ጭነቅ ሆነው ጸኑ። ሰፈሮቹ በእነዚህ ቦታዎች የሆኑት ለዕይታ ውበት ሲባል ብቻ አይደለም፤ በሦስቱም ዘንድ ውኃ አለ፣ በሦስቱም ዘንድ ሣር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። ስድስት ተጓዦች ከመንገድ መሪ፣ ከጥበቃ፣ ከወጥ ሠሪና ከሦስት በቅሎ ነጂዎች ጋር ዐሥራ ሁለት ሰው ይሆናሉ። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሩብ ኪሎ ደረቅ ስንቅ ብንመድብ፣ ለዐሥር ቀን 90 ኪሎ ነው፤ በአንድ በቅሎ 50 ኪሎ ቢጫን ሁለት በቅሎ ይበቃል። ድንኳኑ፣ መኝታው፣ ድስቱና የጋዝ ምድጃው ተጨምሮ ስድስት በቅሎ ያስፈልጋል እንበል። ለእያንዳንዱ በቅሎ በቀን ሁለት ኪሎ ገብስ ብቻ ብንሰጥ በዐሥር ቀን 120 ኪሎ ይሆናል። የከብቱ ቀለብ ከዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ስንቅ በለጠ ማለት ነው። ያን ገብስ ለመሸከም ሦስት በቅሎ ይጨመራል፤ ሦስቱም ይበላሉ። ነጋድራሶቹ በወረቀት ሳያሰሉ የደረሱበት መልስ ይህ ነው፤ ሣር ካለበት ስፈር፣ ለማይቀረው ዳገት ጥቂት ገብስ ያዝ።

የሚያስደንቀው ነገር በቅሎው የሚጠይቀው አዝጋሚ እርምጃ የሰውንም ሳንባ የሚያድን መሆኑ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል፣ ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጭነቅም ከግጭ ብዙም ያልራቀ ከፍታ አላቸው። ከዚያ የቧሂትን መተላለፊያ ወደ 4,200 ሜትር ወጥቶ፣ ወደ መሻሃ ወንዝ ወርዶ፣ አምቢቆ ላይ 3,200 ሜትር አካባቢ ያድሩና፣ በማግሥቱ ማለዳ ከ4,500 ሜትር በላይ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን ይወጣሉ። ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር የተባለው የተራራ ወጪዎች ደንብ በዚህ መንገድ ሳይታዘዝ ይፈጸማል። በታኅሣሥና በጥር በግጭና በጭነቅ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ለተጓዡ ብቻ ሳይሆን ለበቅሎ ነጂውም የሚበቃ ድንኳንና ብርድ ልብስ መያዝ ከዕቅዱ መቆጠር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ሲረሳም የሚበርደው ዋጋውን ያልተነጋገረው ሰው ነው።

ይህ ሥርዓት ዛሬ ከሦስት አቅጣጫ ተነክቷል። የመጀመሪያው መኪና ነው። መንገዱ በፓርኩ ውስጥ አልፎ ጭነቅ ድረስና ከዚያም ወዲያ ስለሚያደርስ፣ ተጓዡ ከጎንደር ተነሥቶ በአንድ ቀን 3,600 ሜትር ላይ ሊያድር ይችላል። ራስ ምታቱና ማስመለሱ የሚመጡት ከዚህ ነው። ሁለተኛው የሣሩ ጉዳይ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባባቸው ምክንያቶች የዋልያ መመናመን፣ የግጦሽና የእርሻ መስፋፋት ሲሆኑ፣ የወጣው በ2017 ነው። በዚያ መካከል፣ በ2008 ዓ.ም.፣ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከሜዳቸው ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ገበሬው ለዋልያ ሲል ከብቱን ከዚያ ካወረደ፣ የጎብኝ በቅሎ በዚያው ሣር ላይ እንዳሻው መሰማራቱ ፍትሕ የለውም። ስለዚህ የነጋድራሶቹ ስሌት በዚህ አንድ ነገር መለወጥ ይኖርበታል፤ ሣሩ የጋራ መሆኑ ስላበቃ ገብሱ ከዳባትና ከደባርቅ ገበያ ተሸምቶ መጫን አለበት። ወጪው ይጨምራል። የሚጨምረው ወጪ ግን ለወገራ ገበሬ የሚከፈል ነው፤ ከባልደረቦቻችን መካከል የጉዞ ዋጋ የሚተምኑት ይህን በግልጽ ቢጽፉት ተጓዡ አይከፍልም ብዬ አልገምትም።

ሦስተኛው የሰላም ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የፓርኩን ሣርና አስታ እሳት በላው። በ2013 ማብቂያና በ2014 መግቢያ ደግሞ ጦርነቱ በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ፤ በጭና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብዙ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ጎብኝ ሲጠፋ አስጎብኚው ወደ ሌላ ከተማ፣ ወጥ ሠሪውም ወደ ሆቤል ቤት ሊሄድ ይችላል። በቅሎ ነጂው ግን በቅሎው ሥራ ባይኖረውም ሊቀልበው ይገባል፤ ካልቻለ ይሸጠዋል። የተሸጠን በቅሎ በገንዘብ መተካት ይቻላል። ቧሂትን በጉም የወጣ፣ የመሻሃን መልካ የሚያውቅ፣ ሸክሙን በእጁ መዝኖ የግራው ከቀኙ በስንት እንደሚበልጥ የሚናገር ሰው የሚተካው ግን ከአባቱ ጋር አብሮ በተጓዘ ልጅ ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች በሕይወት ሳሉ የሰፈሮቹን፣ የውኃዎቹንና የመልካዎቹን ስም ከአፋቸው መጻፍ ለአንድ ክረምት የሚበቃ ሥራ ነው፤ ክረምት ደግሞ በቅሎ ነጂው ከቤቱ የሚገኝበት ወቅት ነው።