የደብረ ዘይት ሐይቆችና የዶሮ መኖ ታሪክ

ደብረ ዘይት፣ በዛሬ ስሟ ቢሾፍቱ፣ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ሐይቆቿና በዶሮ እርባታዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከሐይቆቹ አንዱ የሆነው አረንጓዴ ሐይቅ መውጫ ወንዝ ስለሌለው፣ ውሃው በተነነ ቁጥር ሶዳ እየተከማቸበት፣ አብዛኛው የውሃ ሕይወት የማይቋቋመው አልካላይን ውሃ ሆኗል። ይህ ጠባይ የሚስማማው ስፒሩሊና፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ሽቦ ጥቅል የተጠማዘዘ ክር ሲሆን፣ በሥነ ሕይወት ምድቡ ባክቴሪያ ቢሆንም በተለምዶ ከደቂቅ አልጌዎች ይቆጠራል፤ ሐይቁንም ስሙን ያሰጠውን መልክ የሚያለብሰው እርሱ ነው።

ሐይቆቹ በስፋት መጠናት የጀመሩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ፕሮሰር፣ ዉድና ባክስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 የሐይቆቹን ጥልቀትና የውሃቸውን ኬሚካላዊ ይዘት የሚያሳይ ጥናት አወጡ። በ1973 ደግሞ ታሊንግ ከተባለው ሳይንቲስት ጋር ሆነው፣ በአረንጓዴና በኪሎሌ ሐይቆች የሚካሄደው የብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅበት ሂደት፣ በተፈጥሮ ሊደረስበት ወደሚቻለው ጣሪያ የተጠጋ መሆኑን አስረዱ። ኢትዮጵያዊው የአልጌ ሊቅ ዶክተር አምሃ በላይም በካሊፎርኒያ ስፒሩሊናን በኩሬ እያመረተ ለገበያ በሚያቀርበው ኧርዝራይዝ ኩባንያ ምርምሩን መርተዋል።

በዚያው ከተማ በ1953 የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል በበኩሉ የዶሮ ዝርያን በማሻሻል ሥራ ስም አተረፈ፤ ከግብፅ የመጣው ፋዮሚና ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክም ከተጠኑት ዝርያዎች መካከል ናቸው። መኖው ግን በበቆሎ፣ በኑግ ፋጉሎ፣ በፉሩሽካና በአኩሪ አተር ላይ የቆመ ነበር። ዶሮ የአስኳሏን ቢጫ ቀለም የምታገኘው ካሮቲኖይድ ከሚባሉት የዕፅዋት ቀለሞች በመሆኑ፣ በአገሪቱ በብዛት የሚበቅለው ነጭ በቆሎ ይህን አያሟላም፤ ሜዳ ለሜዳ ቅጠላ ቅጠል ስትለቅም የምትውለው የሀበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ደማቅ ሲሆን፣ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል የሚገረጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፒሩሊና ካሮቲኖይድ የበዛበት፣ ከደረቅ ክብደቱም ከግማሽ በላይ ፕሮቲን የሆነ፣ ጠንካራ የሴሉሎስ ግድግዳ ስለሌለውም በቀላሉ የሚፈጭ ነው። በ1990 በሃዋይ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጠኑ ሲጨመር የጫጩቶችን ዕድገት አያጓድልም፣ ሲበዛ ግን ይገታል፤ ስለዚህም የሚያገለግለው እንደ ተጨማሪ ግብዓት እንጂ እንደ ዋና መኖ አይደለም።

ይሁን እንጂ አልጌውን ከሐይቁ በቀጥታ ማፈስ የሚያዋጣ እንዳልሆነ የኪሎሌ ታሪክ ያስተምራል። በ1989 ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ እንደ አረንጓዴ ሐይቅ ሁሉ ሶዳና ስፒሩሊና ወደነበረበት ኪሎሌ በተጠለፈ ጊዜ፣ ሶዳው በንጹሕ ውሃ ቀጥኖ፣ ከስፒሩሊናው ጋር አብረው ይኖሩ የነበሩት ፍጥረታት በሌሎች ተተኩ። አልጌው የሚኖረው ሶዳው እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ለዶሮ መኖ የሚውለው ስፒሩሊና መመረት ያለበት የሶዳ መጠኑ በሰው ቁጥጥር በሚያዝበት ኩሬ ሲሆን፣ የሐይቁ ድርሻ ዘር መስጠት፣ የሰውም ድርሻ ያንን ዘር ያፈራውን ውሃ እንዳይቀጥን መጠበቅ ነው።